ከረሜላና ልምድ፤ ፍጡር በማሳደግ በሚጫወቱ ሁለት የስልክ ጨዋታዎች ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ሒስ ለመጽሐፍ፥ ለቴአትርና ለሥዕል ብቻ የተሰጠ ሥራ ነው የሚል አስተያየት በመካከላችን ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገር ግን ወጣቱ ከመጽሐፍ ይበልጥ ሰዓቱን የሚሰጠው፥ ደስታውንና ብስጭቱን የሚያሳልፍበት አንድ ነገር ከተገኘ፥ ያ ነገር ምን እንደሚያስተምር መመርመር የተማሪ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ በአጠና ተራም ሆነ በ18 ማዞሪያ አካባቢ፥ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች በየደጃፉ ሁለትና ሦስት እየሆኑ በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው ይታያሉ። ከሚጫወቷቸውም ጨዋታዎች አንዱ ልዩ ልዩ ፍጡራንን እየያዙ፥ እየሰበሰቡና እያሳደጉ የሚሄዱበት ነው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ በዓለም ዘንድ የታወቀው ፖኬሞን በተባለው የጃፓን ሥራ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፤ ጨዋታው አንድን ፍጡር «አደገ» በሚልበት ጊዜ ምን ማለቱ ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ሁለት ጨዋታዎችን አነጻጽራለሁ። የመጀመሪያው ሳቶሺ ታጂሪ የተባለው ጃፓናዊ ከጓደኞቹ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው የቀድሞው ፖኬሞን ነው። ይኸው ጨዋታ በ2004 ፋየርሬድ በሚል ስም እንደገና ተሠርቷል። በሰፈራችን ልጆች ዘንድ ያለውም ይህ ነው፤ ኢሙሌተር በሚባለው፥ የቀድሞውን የመጫወቻ መሣሪያ አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም አማካይነት ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ያለ ኢንተርኔት ይጫወቱታል። ሁለተኛው ለስልክ ተብሎ የተሠራውና በ2016 ሐምሌ ውስጥ የወጣው ፖኬሞን ጎ ነው። ይህን የሚያውቅልኝ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ለፋሲካ ዘመድ ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ እኔና ታናሽ ወንድሜ አጠገቡ ተቀምጠን ሥርዓቱን ዘርዝሮ አስረድቶናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ሐሳቤን አስቀድሜ ለመናገር፥ በቀድሞው ጨዋታ ልምድ የዘወትር ቀለብ ሲሆን ከረሜላ ብርቅ ነበረ፤ በአዲሱ ግን ከረሜላ የዘወትር ቀለብ ሆነ፥ የፍጡሩ የራሱ ልምድም ከነጭራሹ ጠፋ። ከዚህ ለውጥ የተነሣ ተጫዋቹ ከሚያሳድገው ፍጡር ጋር ያለው ግንኙነት ተበላሽቷል የሚል ነው።

የ500 ዓሣ

ሁለቱንም ጨዋታዎች በአንድ ሚዛን ለመመዘን በሁለቱም ውስጥ የሚገኝ አንድ ፍጡር እመርጣለሁ። ይህም ማጂካርፕ የተባለው ቀይ ዓሣ ነው። ማጂካርፕ ደካማነቱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሚያውቀው ሥራ በቦታው መንፈራገጥ ብቻ ሲሆን መንፈራገጡም በጠላቱ ላይ ምንም ጉዳት አያደርስም። ነገር ግን ይህ ዓሣ ካደገ በኋላ ጋያራዶስ ወደ ተባለ አስፈሪ ዘንዶ መሰል ፍጡር ይለወጣል። ሐሳቡ ከቻይና አፈ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚያ አፈ ታሪክ የዘንዶውን በር ፏፏቴ ወደ ላይ ለመውጣት የቻለ ዓሣ ዘንዶ ይሆናል ይባላል።

በቀድሞው ጨዋታ ይህን ዓሣ አንድ ነጋዴ በጨዋታው ገንዘብ በ500 ይሸጣል። ገዢው ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ የገዛው ነገር ለምንም እንደማይጠቅም ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል። ዘንዶ እንዲሆንለት ቢፈልግ 20ኛው ደረጃ ላይ ማድረስ አለበት። ደረጃ የሚገኘው ደግሞ በትግል ከሚገኝ ልምድ ነው። መንፈራገጥ ብቻ የሚያውቅ ዓሣ እንዴት ይታገላል? ተጫዋቾች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ ዓሣውን አስቀድሞ ወደ ሜዳ ያወጡታል፥ ወዲያው ይመልሱትና በርሱ ፋንታ ጠንካራውን ያስገባሉ። ጠንካራው ባሸነፈ ጊዜ ዓሣው በሜዳው ላይ ቆሞ ስለ ነበረ ከልምዱ ድርሻ ይካፈላል። 15ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ መግፋትን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት ራሱን ይችላል።

እንግዲህ ይህን ነገር ልብ እንበለው። ዓሣው ያደገው ተጫዋቹ ከውጭ አንድ ነገር ስላፈሰሰበት አይደለም፤ ሜዳ ላይ ስለ ወጣ፥ ብርቱ ጓደኛ ስለ ቆመለት፥ ይህም ብዙ ጊዜ ስለ ተደጋገመ ነው። ስለዚህ 20ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ያ ደረጃ በዓሣውና በተጫዋቹ መካከል ያለፈ ታሪክ ቁጥር ነው። ታናሽ ወንድሜ ጋያራዶሱን ለጓደኞቹ ሲያሳይ ስለ ጉልበቱ ብቻ አይናገርም፤ «ይህ እኮ ያ የ500ው ነው» ይላል።

በዚሁ ጨዋታ ውስጥ «ብርቅ ከረሜላ» የሚባል ነገር አለ። ይህን የበላ ፍጡር ያለ ምንም ትግል አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ስሙ እንደሚያመለክተው ግን በመንገድ ላይ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ነው። ከዚህም በላይ የጨዋታው ሕግ በከረሜላው ላይ ስውር ፍርድ ሰጥቶበታል። አንድ ፍጡር በታገለ ቁጥር ከደረጃው ሌላ ኀይሉን፥ ፍጥነቱንና ጽናቱን ጥቂት በጥቂት የሚያሳድግለት የተሰወረ ትርፍ ያገኛል። ከረሜላ ግን ደረጃውን እንጂ ይህን ትርፍ አይሰጥም። በዚህም ምክንያት ሁለት አንድ ዓይነት ፍጡራን እኩል ደረጃ ላይ ቢሆኑ፥ በትግል ያደገው በከረሜላ ካደገው ይበልጥ ብርቱ ሆኖ ይገኛል። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ይህን ለስብከት ብለው አላደረጉት ይሆናል፤ ነገር ግን ሕጉ ያለው ነገር ግልጽ ነው።

የመቶ ዓሦች ሒሳብ

አሁን ወደ ፖኬሞን ጎ እንሂድ። በዚህ ጨዋታ ፍጡሩ በመታገሉ የሚያገኘው ልምድ የለም፤ ልምድ የሚቈጠረው ለተጫዋቹ ብቻ ነው። ፍጡሩ የሚያድገው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንዱ የኮከብ ብናኝ፥ ሁለተኛው ከረሜላ ይባላል። የኮከብ ብናኝ ለማንኛውም ፍጡር ያገለግላል፤ በተለምዶ አንድ ያላደገ ፍጡር ሲያዝ 100 ብናኝ ይገኛል። ከረሜላ ግን ለየወገኑ የተለየ ነው። የማጂካርፕ ከረሜላ ለማጂካርፕ ወገን ብቻ ይሆናል። አንድ ሲያዝ 3 ከረሜላ ይሰጣል። ከተያዙትም ውስጥ አንዱን «ወደ ፕሮፌሰሩ መላክ» ይቻላል፤ ስለ ተላከው ፍጡር 1 ከረሜላ ይከፈላል። የተላከው አይመለስም።

ማጂካርፕ ጋያራዶስ ለመሆን 400 ከረሜላ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዱ ተይዞ ሲላክ በጠቅላላው 4 ከረሜላ ካስገኘ፥ አንድ ዘንዶ ለማግኘት 100 ያህል ዓሦች መያዝና መላክ ይኖርባቸዋል ማለት ነው። በ2017 ከረሜላን በእጥፍ የሚያበዛ ፍሬ ስለ ተጨመረ ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል፤ የሒሳቡ ጠባይ ግን አይለወጥም። ከዚያም በኋላ ጉልበቱን ለመጨመር የሚከፈለው ዋጋ እየከበደ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ለአንድ እርምጃ 200 ብናኝ ሲበቃ፥ 39ኛው ደረጃ ላይ 10,000 ይጠየቃል። ይህም በፊት 2 ፍጡር በመያዝ ይገኝ የነበረው አሁን 100 መያዝ ይጠይቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያችን ትዝ ይለኛል። ጨዋታው ይህን ገልብጦታል። መቶ ዓሦች ለመቶ ተስፋ አልሆኑም፤ መቶዎቹ ለአንዱ ስንቅ ሆኑ። የአክስቴን ልጅ፥ «የመጀመሪያ ቀን የያዝኸው ፍጡር የታለ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀና፥ «እሱማ ቆየ፤ ለከረሜላ ሄደ» አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው ቁጥሩ ዝቅተኛ ነበረ አለ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ፍጡር ሲገኝ ከ0 እስከ 15 የሚደርሱ ሦስት ስውር ቁጥሮች ይዞ ይገኛል፤ ተጫዋቹ ፍጡሩን አስመርምሮ የቁጥሮቹን ሁኔታ ሊያውቅ ይችላል። እንደዚህ ያሉ የትውልድ ቁጥሮች በቀድሞውም ጨዋታ ነበሩ፤ ነገር ግን ከዓይን ተሰውረው ስለ ነበረ ተራው ተጫዋች ሳያውቃቸው ያገኘውን ይዞ ያሳድግ ነበረ። በአዲሱ ጨዋታ ግን መርምሮ መጣል የዕለት ሥራ ሆኗል።

ሌላም ግፊት አለ። ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቹ የሚይዘው የፍጡራን ብዛት ከ250 እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበረ። ቦታው ሲሞላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ አንዳንዶቹን መላክ፥ ወይም በጨዋታው ሳንቲም ተጨማሪ ቦታ መግዛት። ሳንቲሙም በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። ስለዚህ የፍጡራኑ መላክ የተጫዋቹ ክፋት ነው ለማለት አልችልም፤ ሥርዓቱ ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። ቦታ የሚያጣብበውም ቦታ የሚሸጠውም አንድ ሰው ነው። የቀድሞው ጨዋታ መጋዘን ግን በፋየርሬድ 14 ሣጥን ያለው ሲሆን እያንዳንዱ ሣጥን 30 ይይዛል፤ በጠቅላላው 420 ነው። ፍጡርን መልቀቅ በዚያም ይቻላል፤ ነገር ግን ለለቀቀ ሰው ምንም አይከፈለውም። ስለዚህ የሚለቀው በግድ ሳይሆን በፈቃዱ ነበረ።

ሙክትና «መላክ»

አንዳንድ አንባቢ፥ «እንስሳ አሳድጎ መጠቀም የዓለም ሥርዓት ነው፤ ለምን በጨዋታ ላይ ታለቅሳለህ?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ከሰፈራችን ምሳሌ ልውሰድ። በኮልፌ በብዙ ግቢ ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ በግ ይቀለባል። እናታችንም በአንድ ዓመት ሙክት ቀልባ ነበረ። ፉርሽካውን የሚያቀርብለት፥ አተላውን ከጎረቤት የሚያመጣለት ታናሽ ወንድሜ ነበረ። በመጨረሻው ሳምንት ልጁ ለበጉ ስም ሊያወጣለት ሲል እማዬ፥ «ተው የኔ ልጅ፤ ስም አታውጣለት» አለችው። ለምን እንደ ሆነ አልነገረችውም፤ እርሱም አልጠየቃትም። ሁላችንም ነገሩን እናውቀው ነበረ።

ሙክትን የሚቀልብ ሰው የሚቀልበው ለምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ቃሉም ያንኑ ይናገራል። ማድለብ ማድለብ ነው፤ ማሳደግ አይባልም። ልጅን፥ ዛፍን፥ ጥጃን እናሳድጋለን፤ ሙክትን ግን እናደልባለን። ፖኬሞን ጎ የሚያጠፋው ይህን ልዩነት ነው። ተጫዋቹ አሠልጣኝ ይባላል፥ ፍጡሩ ወዳጅ ይባላል፥ መለወጡ እድገት ይባላል፥ መጥፋቱም ወደ ፕሮፌሰሩ መላክ ይባላል። ከተላከ በኋላ ስለሚመጣው ከረሜላ ማንም አይጠይቅም። ቅሬታዬ ጨዋታው ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም፤ በሥዕል ላይ ባለ ዓሣ ማንም አይጎዳም። ቅሬታዬ የማሳደግን ቋንቋ ወስዶ ለማከማቸት ስለ ሰጠው ነው። ይህንንም ቋንቋ የሚማሩት ልጆች ናቸው።

ስለ ቀድሞው ጨዋታ የሚነሣ ወቀሳ

ለፍርድ እንዲመች የቀድሞውንም ጉድለት መደበቅ አይገባም። አንደኛ፥ በዚያም ዓሣው ልምድ የሚያገኘው ሌሎች ደካማ ፍጡራን በመሸነፋቸው ነው። አንድ ዘንዶ እንዲነሣ ስንት ወፍና ስንት አይጥ በሣር መካከል ወድቀዋል! ሁለተኛ፥ ሥራው አሰልቺ ነው። በዚያው ሣር ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ያንኑ ትግል መደጋገም ለብዙ ሰዓት ይቆያል። የሰፈራችን ልጆችም ይህን የሚያልፉት በኢሙሌተሩ ላይ ባለው የማፍጠኛ ቁልፍ ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የተሸነፈው ወፍ ተሸንፎ ይቀራል እንጂ ወደ ቀለብ አይለወጥም፤ ዓሣውም አንድ ዓሣ ሆኖ ይዘልቃል። ድግግሞሹም ቢሆን ባለቤት አለው፤ የደከመው ይህ ዓሣ፥ ያገዘውም ያ ጓደኛው ነው።

ስለ ፖኬሞን ጎም መልካሙን መናገር ይገባል። ሰውን ከቤት አውጥቶ በእግር ማስኬዱ ታላቅ ነገር ነው። እንቁላሎች አሉት፤ እንደየዓይነታቸው ለምሳሌ 2፥ 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ይፈለፈላሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረታችንን የጃፓንና የአሜሪካ ሰዎች ሳያውቁት በሥራ አዋሉት ለማለት ይቻላል። ከሁሉም የሚበልጠው በ2016 መስከረም የተጨመረው የጓደኛ ሥርዓት ነው። ተጫዋቹ አንድ ፍጡር መርጦ አብሮት ሲሄድ ስለ ርቀቱ ከረሜላ ያገኛል፤ ማጂካርፕን የመረጠ በየ1 ኪሎ ሜትሩ አንድ ያገኛል። እንዲህ ከሆነ አንድም ሌላ ዓሣ ሳይልክ ዓሣውን ዘንዶ ለማድረግ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ የሚያህል ነው። ያን ያህል የሄደ ሰው ዘንዶው የኔ ነው ቢል ማን ይከለክለዋል? ነገር ግን ጨዋታው ይህን መንገድ ከፍቶ ሳለ አጠገቡ አጭሩን መንገድ ዘርግቷል፤ መቶ ዓሣ መላክ ደሴ ድረስ ከመሄድ እንደሚቀል ደግሞ ግልጽ ነው። የአክስቴ ልጅም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የወንድሜ 99 ከረሜላ

ይህን ሒስ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን በቤታችን የሆነ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ከሄደ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ነገሩ በጣም ስለ ማረከው በቀድሞው ጨዋታም እንደዚያ ለማድረግ ፈለገ። ከጓደኞቹ አንዱ በኢሙሌተሩ ላይ የሚጻፍ ምስጢራዊ ቁጥር ሰጠው፤ ቁጥሩ ሲገባ ቦርሳው ውስጥ 99 ብርቅ ከረሜላ ይገኛል። ሲያልቅም እንደገና ማስገባት ይቻላል። እርሱም አዲስ ጨዋታ ጀምሮ ዓሣውን በ500 ገዛና በዚያው ቁጭታ ከረሜላውን አበላው። ሦስት ወር የፈጀበት ሥራ ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ድረስ ባለ ጊዜ ውስጥ አለቀ። ዘንዶውም 100ኛው ደረጃ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ደረጃ የለም።

በሁለት ማታ ጨዋታውን ጨረሰው። የቆመለት አልነበረም። በሦስተኛው ማታ ስልኩን አስቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አገኘሁት። «ምነው አሸንፈህ የለም?» አልሁት። «አሸንፌአለሁ፤ ግን ወንድም ጋሼ፥ እኔ ምን አደረግሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ እኔም ለራሴ የማቀርብበት ጊዜ አለ። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ለፈተና ያዘጋጀሁት ትምህርቱን በማጥናት ሳይሆን ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በመሸምደድ የሆነበት ወራት ነበረ። ውጤቴ ከፍ አለ፤ ደረጃዬም ወጣ። ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ግን እኩል ደረጃ ላይ ካሉት ጓደኞቼ አንዳንዶቹ እኔ የሌለኝ አንድ የተሰወረ ትርፍ እንዳላቸው ተረዳሁ። ከረሜላ ደረጃን እንጂ ያን ትርፍ እንደማይሰጥ በጨዋታው ሕግ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ፍጡር የማሳደግ ጨዋታ ጥሩ የሚሆነው ያደገው ፍጡር ትናንት የነበረው ያው ፍጡር መሆኑ ሲታወቅ ነው። የቀድሞው ፖኬሞን አሰልቺነቱ እንዳለ ሆኖ ይህን ይፈጽማል። ፖኬሞን ጎ በጓደኛ ሥርዓቱ ይህን ጀምሮ ሳለ፥ በከረሜላው ሒሳብ መልሶ ያፈርሰዋል። ይህም ያለ ጥቅም የተደረገ አይደለም፤ የጨዋታው ባለቤት የነበረው ናያንቲክ የጨዋታ ክፍሉን በ2025 ስኮፕሊ ለተባለው ድርጅት በ3.5 ቢሊዮን ዶላር መሸጡ ነገሩ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለበት ያሳያል።

በአገራችንም ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች ተነሥተዋል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ኩኩሉ በሚለው ጨዋታው ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮን አሳይቷል። ወደ ፊት ከእነርሱ መካከል ፍጡር የማሳደግ ጨዋታ የሚሠራ ቢኖር፥ ማድለብና ማሳደግ በቋንቋችን ሁለት ቃላት መሆናቸውን እንዲያስብልኝ እለምናለሁ። ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጥ መብቱ ነው፤ የአንዱን ስም ለሌላው እንዳይሰጥ ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ጨዋታውን ከመጀመሪያ ጀምሯል። ምስጢራዊውን ቁጥር አጥፍቶታል፤ የማፍጠኛውን ቁልፍ ግን አልተወም። ዓሣው ትናንት ማታ 11ኛው ደረጃ ላይ ነበረ፤ አሁንም መንፈራገጥ ብቻ ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።